በስሜ አይጻፍም

ጥቅምት 13 ቀን 2009 ዓ.ም.

ዛሬ ቅሬያችን ተሰብስቦ ነበር። ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክልና መቃብር የሚቆፍር ማኅበር ስለ በሽታ ሲመክር ዋለ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፍሬዓለም፣ ከጎጃም ተመድባ የመጣችው ልጅ፣ ጤና መድን ስለሚባል ነገር አስረዳች። አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ ያዋጣል፤ ከቤቱ ሰው ሲታመም በደብተሩ ይታከማል። ያልታመመ ሰው ያዋጣውስ የት ይገባል ብዬ ጠየቅኳት። "ለታመመው ይሆናል፣ አባቴ" አለች። መልስ አላት፤ እሱን አልክድም።

የቅሬው ዳኛ ስለሆንኩ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ያያል። ተነሣሁ። "በደርግ ጊዜ ለማኅበር አዋጡ ተባልን፤ በሬያችንን ሳይቀር አስገባን። ማኅበሩ ሲፈርስ የበሬዬን ገመድ እንኳ የመለሰልኝ የለም። አሁን ደግሞ ሳንታመም የበሽታ ግብር ክፈሉ ተባልን። ሌላው እንደ ልቡ ያድርግ። ሚካኤል ይፍረድብኝ፣ ይህ ነገር በካሳ ስም አይጻፍም!" አልኩ። ሰዉ አጨበጨበ። አንዳንዱ ቆሞ አጨበጨበ።

ስንበተን ጎረቤቴ ሙሀመድሰይድ፣ የቅሬው ጸሐፊ፣ እየተከተለ "አያ ካሳ፣ እምቢ ማለቱ ይበቃ ነበር እኮ። መሐላውን ምን አመጣው?" አለኝ። ቃል እንዲጸና ነው አልኩት። ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

ስናገር ከሴቶቹ በኩል አንዲት የምታስል ሰው ደጋግማ አቋረጠችኝ። ሚስቴ ታንጉት ነበረች። እቤት ስንገባ፣ ሰው ሲናገር ወጣ ብሎ ማሳል ነው ደንቡ አልኳት።

ጥቅምት 21

ወፍ ማሽላው ላይ ወርዷል። ታንጉት ማማው ላይ አልወጣም አለች። ከሥሩ ቁጭ ብላ ጣሳ ስትቀጠቅጥ ዋለች። የዘንድሮ ወፍ ጣሳ አይፈራም። ድሮ በወንጭፍ እሷን የሚያህል በዚህ ሜዳ አልነበረም፤ ማማው ላይ ቆማ ስትወነጭፍ የሰው ማሳ ወፍ ሳይቀር ይነሣ ነበር። ስንፍና ከዕድሜ ጋር ይመጣል መሰለኝ። እኔ በዕድሜ እበልጣታለሁ፤ ግን እወጣለሁ።

ጥቅምት 29

ወፍ። ንፋስ። የታንጉት ሳል። ዝንጅብል በማር አፍልቼ ሰጠኋት። ያየ ሰው የለም።

ኅዳር 7

ቆቦ ገበያ ወጣሁ። ታንጉት ላስቲክ ጫማዬ ጠበበኝ ስላለች ከፍ ያለ ቁጥር ገዛሁላት። እሱም አልገባ አላት። ተመልሼ ነጋዴውን የዘንድሮ ዕቃችሁ አሠራሩ ተበላሽቷል ብዬ ተጣላሁት።

"አባት፣ ጫማው ምን አደረገ? እግራቸው አብጦ ይሆናል እንጂ" አለኝ።

ጫማ ሻጩም ሐኪም ሆኗል።

ኅዳር 16

ቆረጣ ጀመርን። የዘንድሮ ጅጉርቲ ማሽላ ጥሩ ነው፣ ራሱ ከብዶት ተጎንብሷል። ታንጉት ለሠራተኞቹ ምግብ ይዛ ስትመጣ ከመንገዱ መሐል ቁጭ ብላ ቀረች። ሄጄ ዕቃውን ተቀበልኳት። "ሂድ፣ ትንሽ አርፌ እመጣለሁ" አለች። ሳትመጣ ቀረች። ማታ ስገባ በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ከማሳው ወደ ቤት የተመለሰችው በእንብርክክ ይመስል ቀሚሷ ጉልበቷ ላይ አፈር ሆኗል። አልጠየቅኳትም።

ከግድግዳው ተደግፋ ማደር ጀምራለች። ስትጋደም "ሰጠምኩ፣ ሰጠምኩ" ትላለች። በደረቅ መሬት ላይ ሰው አይሰጥምም አልኳት።

ኅዳር 21

ጽዮን ናት። ሥራ የለም፣ ስለዚህ በደንብ እጽፋለሁ።

ልጃችን የትናየት ባሏን ይዛ ከሮቢት መጣች። እናቷን ገና ከበር ሆና እንዳየች ፊቷ ተለወጠ። ምሳ ሳይቀርብ ጀመረችኝ።

"አባዬ፣ እማዬ ትንፋሽ አጥሯታል እኮ።"

"ብርድ ነው" አልኳት።

"ቆቦ ላይ ብርድ! ከየት አግኝተህ ነው? እስቲ ለእኛም አሳየን፣ በሙቀት አልቀናል።"

ባሏ ሳቁን ለመደበቅ ወደ ከብቶቹ ዞረ። ታንጉትም ሳቀች፤ ሳቋ ግን ወደ ሳል ተለወጠና ብዙ ቆየ። ሲያበቃ ከንፈሯ የጠቆረ መሰለኝ። ጥላ ይሆናል።

የትናየት ሐኪም ቤት ውሰዳት አለች። ከማሽላው በኋላ አልኳት። አሁን በእጄ ያለው ነገር ሁሉ ማሳ ላይ ቆሟል። በሬ ልሽጥ ብል ታንጉት ራሷ "በሬውን ሸጠህ ክረምቱን ምን ልታርስበት ነው?" ብላ ከልክላኛለች። ይህን ለየትናየት ነገርኳት። "እሷማ ትከለክላለች፤ አንተም መከልከሏን ወደድከው" አለችኝ። ይህችን ልጅ ሳሳድግ አፏን ሳልቀጣ ቀረሁ።

ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። በአስፋልቱ የሚያልፉ የጭነት መኪናዎች ሲቆሙ ጎናቸው ላይ የተጻፈውን ረዳቶቹን እየጠየቅኩ ነው የለየሁት። ስለዚህ ይህን አድርግ፣ ያንን አድርግ የሚለኝን ሰው መስማት አልለመድኩም። ጥፋት ከሆነ ጥፋቴ ይህ ነው።

ታኅሣሥ 4

ታንጉት ሌሊቱን ሙሉ በመስኮቱ በኩል ቆማ አደረች። ጠዋት ባጃጅ ጠርቼ ቆቦ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት።

ልጅ እግር ሐኪም ነው። ጀርባዋን አዳመጠ፣ እግሯን በጣቱ ጫነው። ጣቱ የነካበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። "ይህ የሆስፒታል ጉዳይ ነው። ልቧ መታየት አለበት። እኔ እዚህ የምችለው ማስታገሻ ብቻ ነው" አለ። ቀጥሎ "መድን አላችሁ?" ሲል ጠየቀ።

"የለንም። አንፈልግምም" አልኩ።

ታንጉት ወለሉን አየች። ሐኪሙም እሷን አየ። ሆስፒታሉ ምን ምን እንደሚያስከፍል ነገረኝ። ሰምቼ ተነሣሁ። ለጊዜው የሚሆን ኪኒን ሰጣት። "አባቴ፣ ይህ ሲያልቅ በሽታው ያለቀ እንዳይመስልዎት" አለኝ ስንወጣ።

በመንገድ ላይ ማሽላው ይወቃ፣ ከዚያ እንሄዳለን አልኳት። "እሺ" አለች። እሺ ማለት ከእሷ አፍ ሁልጊዜ ቀላል ነው።

ታኅሣሥ 11

እግሯ ጎደለ። ተጋድማ ተኛች። ዛሬ ከጎረቤት ጋር ስትጨዋወት ሰማኋት። ለየትናየት በስልክ "ብርድ ነው አላልኩሽም?" አልኳት። ስልኩን ዘጋችብኝ። እውነት ሲነገራቸው አይወዱም።

ታኅሣሥ 20

ኪኒኑ አልቋል። አውድማው ላይ አቧራ ነው፤ እንዳትመጣ ከለከልኳት። መጣች። ከገለባው ራቅ ብላ ተቀመጠች። ከሩቅ ሳያት ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ዱላዬን ባነሣሁ ቁጥር የእሷም ትከሻ አብሮኝ ይነሣል።

ታኅሣሥ 27

ማሽላው ገባ። ዋጋው ግን ወድቋል፤ ዘንድሮ ለሁሉም ደርሶለታል። ትንሽ ይቆይ ብዬ ጉድጓድ አስገባሁት። ሙሀመድሰይድ በአጥር በኩል ሆኖ "ከቅሬው ሣጥን እናበድርህና ታንጉትን ውሰዳት" አለኝ። ሣጥኑ የሟች ነው፣ ለታመመ አይከፈትም አልኩት። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለሌላው ስከለክል ኖሬ ለራሴ ልከፍተው?

"እንዲያ ከሆነ እስክትሞት ልንጠብቅ ነው?" አለ።

"ሥርዓት ያዝ!" አልኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። ታንጉት ከውስጥ ሰምታ ይሆናል።

ጥር 3 ቀን

ፍሬዓለም መጣች። የመድን ምዝገባው ተከፍቷል፤ ጥር ሲያልቅ ይዘጋል፤ ከዚያ የሚከፈተው ለከርሞ ነው። ታንጉትን አየቻትና ለረጅም ጊዜ እጇን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ወደ እኔ ወጣች።

"አባቴ፣ እባክዎ ይመዝገቡ። እርስዎ ካልተመዘገቡ እሳቸው ሊታከሙ አይችሉም። ደብተሩ የሚወጣው በአባወራው ስም ነው።"

"ምያለሁ።"

"ንስሐ አባትዎ ይፈቱዎታል። እኛ አገር እንዲህ ሲሆን ቄስ ጋ ነው የሚኬደው።"

"ቄሱ ከሚካኤል ጋር ያስታርቁኛል። በሰው ፊት የተናገርኩትን ማን ይመልስልኛል?"

ስትወጣ ከእኔ ሌላ ማን እንዳልተመዘገበ ጠየቅኳት። ከቅሬው የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አለች። ቆመው ያጨበጨቡት ሁሉ ተመዝግበዋል። ሙሀመድሰይድም።

ጥር 12

ሚካኤል ነው። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ንስሐ አባቴን በቅጽሩ ጥላ ሥር አገኘኋቸው። ሌላ ሰው አልነበረም። "ካሳ፣ የምትለኝ ነገር አለህ?" አሉኝ። ስለ በልግ ዝናብ አወራን። በደህና እንደሚጥል ተስማማን። ተመለስኩ።

ጥር 15

የትናየት እናቷን በባሏ ደብተር ልታስገባ ቀበሌ ሄዳ ነበር። የራሷ አባወራ ያላት ሴት በሌላ ቤት አትጻፍም አሏት። አልቅሳ ደወለችልኝ። የራሷ አባወራ ያላት።

ጥር 17

ሙሀመድሰይድ ጋ ሄጄ ነገሩን አጫወትኩት። ተናዶ ኖሮ ቀና ብሎም አላየኝ። "ወላሂ አያ ካሳ፣ ይህን ግትርነትህን ይዘህ ብትፈታት ኖሮ እስካሁን ታክማ ድና ነበር" አለ።

"እንዴት?"

"የተፈታች ሴት እማወራ ተብላ በራሷ ስም ትመዘገባለቻ። የአንተ ስም አያስፈልጋትም። እህቴ ኡሙሰልማ እንዲያ አይደል የተመዘገበችው?"

እሱ ሊወጋኝ ነው የተናገረው። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ሳስበው ነበር። በስሜ አይጻፍም ብዬ ማልኩ። በስሟ አይጻፍም አላልኩም። ቃሌም ይጸናል፣ ታንጉትም ትታከማለች። እስካሁን ይህን ማን አሰበው? ከሙሀመድሰይድ ፌዝ መንገድ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ጥር 19

ለታንጉት ነገርኳት። ከቤት ጀርባ ጥላ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"የምነግርሽን እስክጨርስ አታቋርጪኝ" አልኳት።

"ለማቋረጥስ ትንፋሽ መቼ አለኝ" አለች።

ሁሉንም ነገርኳት። ሀብቱን እኩል እንካፈላለን፤ ጊደሯን ትወስጃለሽ፤ ከማሽላው ግማሹ ያንቺ ነው አልኳት። ከዚያ "ከማሽላው ይልቅ ትንፋሽህን ብታካፍለኝ" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

"መሐላህን ከምትፈታ እኔን መፍታት ቀለለህ?" አለች።

"ለአንቺ ብዬ ነው።"

"እሱን አውቃለሁ" አለች። "ያቃጠለኝም እሱ ነው።"

ቀጥላ እዚሁ ልቀመጥና በወረቀት ብቻ እንፋታ አለች። ይህ አይሆንም። በአንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ ተፋትተናል ማለት በመንግሥትም በእግዚአብሔርም ላይ ማጭበርበር ነው። ፍች ከሆነ ፍች ነው። "አንተ ስታጭበረብር እንኳ በሕግ ነው" አለች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ሮቢት ወንድሟ በላቸው ቤት ትሄዳለች። የተፈታች ሴት ወደ ወንድሟ ነው የምትገባው፤ አማች ቤት መግባት ነውር ነው።

ጥር 24

ሽማግሎች ተቀመጡ። በላቸው ከሮቢት መጥቶ ነበር። ምክንያቱን ንገረን አሉኝ። አልተስማማንም አልኩ። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ ምክንያቱን ብናገር ፍቹ ፍች አይሆንም። አልተስማማንም ያልኩትም ሐሰት አይደለም፤ በዚህ ጉዳይ አልተስማማንም።

ታንጉትን እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቋት። "እሱ ካለ እውነት ነው። ካሳ ዋሽቶ አያውቅም" አለች። ሌላም ልትናገር አፏን ከፍታ ነበር፤ ትንፋሹ ስላልደረሰላት ይሁን ስለተወችው አላውቅም።

በላቸው ተነሥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ። "ጉልበቷን በላህ። አሁን ስታቃስት እንደ አሮጌ ጆንያ ትጥላታለህ? የደከመ በሬህን እንኳ እስኪሞት ታበላዋለህ፣ አንተ ሰውዬ!" አለኝ። ሽማግሎቹ መሬት መሬት ያያሉ። የምመልሰው ነበረኝ፤ አልመለስኩም። ሙሀመድሰይድ ከዳር ሆኖ ያየኝ ነበር። እሱ ገብቶታል። እጁን አፉ ላይ አድርጎ ነበር።

ጊደሯን ሳትወስድ ሄደች። "ለከርሞ ወተት ያስፈልግሃል" አለች። ባጃጁ ላይ ደግፌ ላወጣት እጄን ስዘረጋ በላቸው "አትንካት፤ አሁን ሚስቴ ናት ማለት አትችልም" አለኝ። በሕጉ ትክክል ነው።

ጥር 29

የትናየት ደወለች። እናቷ በራሷ ስም ተመዘገበች። ተሳካ። ልክ እንዳሰብኩት ሆነ።

ግን አዲስ አባል ስለሆነች ደብተሩ የሚሠራው ከአንድ ወር በኋላ ነው አለችኝ። ይህን ፍሬዓለም አልነገረችኝም። ወይም ስትነግረኝ አልሰማሁ ይሆናል።

የካቲት 5

ሽሮ አረረብኝ። ውሃ ጨምሬ በላሁት። ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሳል ሲለምዱት ልክ እንደ ሰዓት ነው፤ ሲቆም ሰው ይነቃል።

የካቲት 9

ሮቢት ሄጄ ነበር። የፈታ ሰው የፈታትን ሴት አይጎበኝም፤ ስለዚህ ማጭድ ልገዛ ሄድኩ። ማጭድ የሚሸጠው ሰውዬ ሱቅ ከበላቸው ቤት ፊት ለፊት ነው። ታንጉት ፀሐይ ላይ ወንበር አውጥተውላት ተቀምጣለች። ጋቢ ለብሳለች፣ በዚያ ሙቀት። ፊቷ እንደ ሌላ ሰው ፊት አብጧል። ማጭዱን እያገላበጥኩ ቆየሁ። አንዴ እጇን ወደ ግንባሯ አነሣች። ፀሐይ ልትከልል ይሆናል።

ሻጩ "አባባ፣ ማጭዱ ስለት የለውም ወይ?" አለኝ። አለው አልኩ። ገዝቼ መጣሁ። በየካቲት ማጭድ ምን ሊያደርግልኝ ነው።

የካቲት 13

በሬውን ሸጥኩ። ቀዩን። ደብተሩን ሳትጠብቁ አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት ብዬ ብሩን በሙሀመድሰይድ እጅ ለየትናየት ላክሁ። ታንጉት አሁን ልትከለክለኝ አትችልም፤ በሬው ድርሻዬ ነው።

በኅዳር ሸጬው ቢሆን ኖሮ። ይህን መጻፍ ምን ይጠቅማል።

የካቲት 15

ሙሀመድሰይድ ብሩን ይዞ መጣ። በላቸው መልሶታል። "የፈታ ሰው ብር እህቴን አያሳክማትም። ከፈታህ ፈታህ፤ አንገቷን አስደፍተህ ዛሬ ባል ልትሆን? ሌላ ሁለት ሳምንት ናት፣ በራሷ ደብተር በክብር ትታከማለች" ብሏል። የትናየት ብትለምነው ብታለቅስ እምቢ አለ።

"ምን ዓይነት ሰው ነው?" አልኩት ለሙሀመድሰይድ። "የሰው ሕይወት አደጋ ላይ እያለ እንዴት ለአንድ ቃል ሲል እንዲህ ግትር ይላል?"

ሙሀመድሰይድ "ያ አላህ" ብሎ ብሩን መደቡ ላይ አስቀምጦ ወጣ።

የካቲት 16

ለበላቸው እውነቱን ልነግረው ሮቢት ለመሄድ ተነሣሁ። የፈታኋት ላሳክማት ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም ልለው። አስፋልቱ ድረስ ወጣሁ። ሚኒባሱ ቆመልኝ። ብናገር፣ በሽማግሎቹ ፊት የሆነው ሁሉ ጨዋታ ነበር ማለት ነው፤ ቃሌም ከጥቅምት ጀምሮ ጨዋታ ነበር ማለት ነው። ረዳቱ "ፋዘር፣ ይገባሉ ወይስ አይገቡም?" አለ። አልገባሁም።

የካቲት 22

ምንም።

መጋቢት 1

ደብተሩ ሠራ። ወሰዷት። የትናየት "ተኛች፣ ኦክስጅን አደረጉላት" ብላ ደወለች። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ። ሥራው ሁሉ ለዚህ ነበር።

መጋቢት 4

ሆስፒታል ሄድኩ። በር ላይ ዘበኛው ማንን ሊጠይቁ ነው አለኝ። ስሟን ነገርኩት።

"ምንዎ ናት?"

ባሏ ነኝ ብል ያስገባኝ ነበር። አፌም ለምዶታል። "ምኔም አይደለችም" አልኩ።

"እንግዲያው ቤተሰብ ይቅደም፣ አባቴ። ወደ ጥላው ጠጋ ይበሉ" አለኝ፤ ጨዋ ሰው ነው። ጥላው ሥር ተቀመጥኩ። የትናየት ምግብ ይዛ ስትመጣ አገኘችኝ። ነገሩን ስትሰማ ቀድማ ገብታ ለእናቷ ነገረቻት፤ ተመልሳ እጄን እንደ ሕፃን እጅ ይዛ አስገባችኝ። "አባቴ ነው" አለችው ዘበኛውን።

ታንጉት ተደግፋ ተቀምጣለች። አፍንጫዋ ላይ ቱቦ አለ። ዓይኗ ያው ነው።

"መጣህ?" አለች።

"መጣሁ።"

"ዘበኛውን ምኔም አይደለችም አልከው አሉ።"

"ልዋሽ ነበር?"

"አይ" አለች። "አንተማ አትዋሽም።"

ትንፋሿን እስክትሰበስብ ጠበቅኩ። "ጊደሯ አረገዘች?" አለች። አላረገዘችም አልኳት። "ቁና የምታህለዋን ጨው ከበሩ ኋላ ሰቅያታለሁ፤ አልፎ አልፎ አስልሳት" አለች። እሺ አልኳት። እሺ ለማለት ይህን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐኪሟ ደጅ ጠራችን። የልቧ በር ተበላሽቷል፣ ሳንባዋ ውሃ ይዟል፣ ወደ ደሴ እንልካታለን አለች። "በጥቅምት፣ በኅዳር ብትመጣ ኖሮ በመድኃኒት ብዙ እናቆያት ነበር። ለምን ዘገየች?" አለች።

የትናየት ወደ እኔ አየች። እንድመልስ ጠበቀችኝ። ሐኪሟም ጠበቀች።

መጋቢት 6

ወደ ደሴ ሳትሄድ ቀረች። ዛሬ ጠዋት። የትናየት ናት የደወለችልኝ። "አባዬ" አለች። ስልኩ ብዙ ቆየ።

መጋቢት 7

ሮቢት ቀበርናት። ቀበሯት ማለት ይሻላል። አስከሬኗ የወጣው ከወንድሟ ቤት ነው፤ የቀበራት የእነሱ ቅሬ ነው። በዕድሜዬ የቆፈርኩትን መቃብር ቁጥሩን አላውቀውም። ጎረምሶቹ ሲቆፍሩ ሄጄ አካፋውን ስጡኝ አልኩ። "እንግዳ አናስቆፍርም፣ አባባ" አሉኝ። በደንባቸው ልክ ናቸው፤ የእኛም ደንብ ያው ነው። ጎኑ በደንብ አልተስተካከለም ነበር። ተናገርኩ አልተናገርኩ፣ ያው ነው።

በላቸው በሐዘንተኛው ቦታ ቆሞ ሰው ሲስመው አየሁ። እኔ ከዋጃ መስመር ከመጡት ሩቅ ሰዎች ጋር ኋላ ቆምኩ። ሲመለሱ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ሰጡኝ፣ እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ። በላሁት።

መጋቢት 8

ጠዋት ሙሀመድሰይድ መጣ። በጸሐፊነቱ ነው የመጣው፤ ደጃፍ ላይ ቆመ።

"አያ ካሳ፣ ዳኛችን አንተ ነህ፣ ስለዚህ አንተን ልጠይቅ። ጥሩምባ እናስነፋ ወይ? ድንኳኑን እዚህ እንትከል ወይ?"

"ደንቡ ግልጽ ነው" አልኩት። "ቅሬው የሚወጣው ለአባል፣ ለሚስቱና ለልጆቹ ነው። እሷ የዚህ ቤት ሰው አይደለችም። አይነፋም።"

"ይህ ነው ፍርድህ?"

"ፍርዴ ነው።"

"እሺ" ብሎ ሄደ። ከብቶቹን አጠጣሁ። ግቢውን ጠረግኩ። ቤት ገብቼ የምሠራው ስላጣሁ ደግሜ ጠረግኩት።

ጥሩምባ አልተነፋም። ቀትር ላይ ግን ኡሙሰልማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባችና ምንም ሳትል ከግንቡ ሥር ተቀመጠች። ቀጥሎ ሁለት ሽማግሎች፤ በፍቹ ላይ የተቀመጡት ናቸው። ቀጥሎ ሌላ። ፍሬዓለምም ከሥራዋ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጠች። "እዚህ ቤት ሐዘን የለም፣ ሐዘኑ ሮቢት ነው" አልኳቸው። ማንም አልተነሣም። ግቢው ሞላ። በጥቅምት ቆመው ያጨበጨቡት ሁሉ መጡ። እንዳልናገራቸው ብለው መሰለኝ፣ ዓይኔን አላዩም።

እኔ የት እንደምቀመጥ አላወቅኩም። ከለቀስተኛው ጋር ብቀመጥ የራሴ ግቢ ነው። በሐዘንተኛው ቦታ ብቀመጥ ራሴ ከልክያለሁ። ስለዚህ ቆሜ ዋልኩ። ለሰዉ ውሃ ላቅርብ ብዬ ወደ እንስራው ሄድኩ። ሙሀመድሰይድ ተነሥቶ መጣና ጣሳውን ከእጄ ወሰደው።

"ሐዘንተኛ ውሃ አያቀርብም፣ አያ ካሳ" አለኝ፤ ሰው እንዳይሰማ ቀስ ብሎ ነው። "ቁጭ በል።"

"ፈርጄ አልነበር?"

"ፈርደሃል። ሰምተናል። ቁጭ በል።"

ቁጭ አልኩ።